ግጥም ለሌለው ዘፈን የተጻፈ ምስጋና

ይድረስ ለጋሽ ኃይሉ መርጊያ፤

ጋሽ ኃይሉ፣ እኔን አያውቁኝም። የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ድሮ ዋሽንግተን ውስጥ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ማታ ማታ እስክስታ ከሚወርዱት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ዛሬ ሥራዬም ጉልበቴም ሌላ ነው። አጨብጭቦ ዝም ማለቱ አልበቃ ስላለኝ ብዕር አነሳሁ።

ስለ እርስዎ የተጻፈው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አንድ ታሪክ ይደጋግማል፦ ትልቅ ሙዚቀኛ ነበር፣ ተሰደደ፣ ታክሲ ነዳ፣ ተረሳ፣ ከዚያ አንድ ፈረንጅ አሮጌ ካሴቱን አገኘና እንደገና ዓለም አወቀው። ታሪኩ እውነት ነው፣ ደስም ይላል። የፈረንጅ ጋዜጠኞች ታክሲዋ ጋ ሲደርሱ የሚደነቁትን ያህል ግን እኛ አንደነቅም። በእኛ ሰፈር ታክሲ ያልነዳ ማን አለ? መሐንዲሱ ነድቷል፣ የታሪክ መምህሩ ነድቷል፣ የጦር መኮንኑም ነድቷል። ሙዚቀኛው ቢነዳ ምን ይገርማል? እኔ የማመሰግንዎ በሌላ ነገር ነው። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ስለ ሠሩልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው። አማርኛዋ ወጥ ቤት ውስጥ ይጀምርና እዚያው ያልቃል፦ «እሺ»፣ «በቃኝ»፣ «እንጀራ አለ?»። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ወደሚያስተምሩበት ቦታ ብወስዳትም ገና «መ ሙ» ላይ ሳለች እግር ኳስ በለጠባት። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቋንቋ ሕግ አውጥቶ፣ የከተማው ቢሮዎች ቅጽና ማስታወቂያ ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሆኗል። ከተማው በአማርኛ ይጽፋል፣ ልጄ ግን ማንበብ አትችልም።

መኪና ውስጥ ዘፈን ስከፍት «ምን አለ?» ትለኛለች። እተረጉምላታለሁ። ሰሙን ተናግሬ ወርቁን ልፈልግ ስል ዘፋኙ ሁለት ስንኝ አልፎኛል፤ እሷም ስልኳን አንስታለች። ግጥም የሌለውን የእናንተን «ቼ በለው» ስትሰማ ግን «ምን አለ?» ብላኝ አታውቅም። እኔ የምሰማውን ትሰማለች፣ ምናልባትም ከእኔ አብልጣ፤ እኔ ትዝታዬ ይረብሸኛል፣ እሷ የሚረብሻት የለም። በእናትና በልጅ መካከል አስተርጓሚ የማይገባበት ቦታ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል። ከእነዚያ ጥቂት ቦታዎች አንዱን የሰጡን እርስዎ ነዎት።

ሙዚቃው የተሠራበት ጊዜ ራሱ ለቃል የሚመች አልነበረም። እርስዎ የነበሩበት የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የወጣው በ1977 ነው፣ ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ባመሰበት ጊዜ። ግጥም ሁሉ በሳንሱር ዓይን ሥር ያልፍ ነበር። የእርስዎ ኦርጋን፣ የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ግን ሳንሱር የሚሰርዘው ስንኝ አልነበራቸውም። ዋልያስ ደግሞ የክለብ ባለቤት መሣሪያ እስኪያውሰው የሚጠብቅ ባንድ አልነበረም። መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በራሱ ቆሞ፣ ሒልተን ለዓመታት ተጫወተ። ሰዓት እላፊ በመኖሩ ከእላፊው በፊት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ እናንተም እስኪነጋ ትጫወታላችሁ። ውጭ ጥይት፣ ውስጥ ጭፈራ። ይህንን የሚነቅፍ ሰው ገጥሞኛል፣ «ወጣቱ ሲያልቅ እነሱ ይጨፍሩ ነበር» የሚል። እኔ አልነቅፍም። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻቸውን የሰበቁ ሰዎች ጠዋት ወዴት እንደሚመለሱ ያውቁ ነበር።

አሁን ስለ ትከሻ ላውራ፤ ሙያዬ ነውና።

እስክስታን የማያውቅ ሰው ትከሻ ማርገብገብ ይመስለዋል። አይደለም። አንገት ይጠይቃል፣ ትከሻ ይመልሳል፣ ደረት ያጸናል፣ ትንፋሽ ይቀጥላል። እግር ብዙ ሥራ የለውም። የጉራጌ ጭፈራ ሜዳ ይፈልጋል፣ እግሩ መሬት ላይ አያርፍም። የወላይታው ወገብ ይፈልጋል፣ ወገብም ቦታ ይፈልጋል። እስክስታ ግን ቦታ አይፈልግም። አሮጊቶች ሰርግ ቤት ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሲወርዱት ያላየ የለም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ይህ ጠባዩ ለስደተኛ ታስቦ የተሠራ መሰለኝ። ከብዙ ሰው ጋር በተከራዩት፣ ጣሪያው ራስ በሚነካ ምድር ቤት ውስጥ ይወረዳል። ቀይ መብራት ላይ መሪ እንደያዙ ይወረዳል። ሥራ ቦታ አሳንሰር ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ፣ ስንቴ ወርጄዋለሁ።

ትከሻውን የሚነዳው ደግሞ ችክችካ የሚባለው ምት ነው። ስድስቱን ምት እግር ለሁለት ይከፍለዋል፣ ትከሻ ለሦስት፤ ሁለቱ ሲገፋፉ ሰውነት መሃል ላይ ይቆማል። ጨዋታው ያለው እዚያ መገፋፋት ውስጥ ነው። ከቀጥታ ሙዚቃ ጋር የሠራች ተጫዋች ይህን ታውቃለች፤ እኔ ከበሮውን አልከተልም፣ ከበሮ መቺው ነው ትከሻዬን የሚያየው። ትንፋሼ ሲያጥር ያረግብልኛል፣ ሕዝቡ ሲግል ያጠብቀዋል፣ አንገቴን ስሰብቅ አንድ ምት ቀድሞ ያውቃል። በተቀዳ ሙዚቃ ስንጫወት ግን ማሽኑ አያየንም። የደከመው ደክሞት፣ የጋለው ግሎ፣ ሁሉም እኩል ሲዲውን ተከትሎ ይሮጣል።

እኔ የሠራሁበት ምግብ ቤት መጀመሪያ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ነበረው። ልብስ የምንቀይረው በበርበሬ ጆንያና በኮካ ሣጥን መካከል፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ማታ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ወላይታ እንዞራለን፤ አገር ቤት ሆኜ ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማላውቅ ሰው አገሬን የዞርኩት ዋሽንግተን ላይ ነው። ሕዝቡ ዶላር ግንባራችን ላይ ይለጥፍልናል፤ እኛ ከሙዚቀኞቹ ጋር እንካፈላለን። ኋላ ላይ ባለቤቱ ሒሳብ ሠራ። አራቱን አሰናብቶ ዋን ማን ባንድ አመጣ፤ አንድ ልጅ፣ አንድ ኪቦርድ፣ በቁልፍ የሚነሳ ከበሮ። ትንሽ ቆይቶ እሱንም አሰናብቶ ሲዲ ገዛ። አልፈርድበትም፤ ኪራይ ነበረበት፣ እኛም ደመወዝ እንፈልግ ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ሆነብኝ።

ለዚህም ነው በ1981 ያደረጋችሁት ጉዞ ለእኔ ትልቅ የሚሆነው። ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካን ሲዞር፣ እንዲህ የመጣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ነበር። የሚያዳምጣችሁ በአብዛኛው ስደተኛ ነው። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የጸደቀው ከዚያ በፊት በነበረው በ1980 ነው፤ ከሱዳን መጠለያ የሚመጣው ሰው ገና መግባት መጀመሩ ነበር። በእናንተ ዘመን የነበሩ ሰዎች የሚሉትን ሰምቻለሁ። ያኔ ሐበሻ እርስ በርሱ አይነጋገርም ነበር። አንዱ የኢሕአፓ ነው፣ አንዱ የመኢሶን፣ አንዱ የኢዲዩ፣ አንዱ የቀድሞ ሥርዓት ሰው። አንዱ ሲገባ ሌላው ከጠረጴዛው ይነሳል። ዘፋኝ ቢዘፍን ግጥሙ ለማን እንደሆነ ይጣሉበታል። መሣሪያ ብቻ ሲጫወት ግን የሚጣሉበት ስንኝ የለም። ፓርቲው ምንም ቢሆን ችክችካው አንድ ነው። ተቃቅፈው ታረቁ አልልም፤ አልታረቁም። ግን አንድ መድረክ ፊት፣ አንድ ምት ላይ ትከሻቸውን ሰብቀዋል፤ ለዚያ ጊዜ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉዞው ሲያልቅ አንዳንዶቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እርስዎ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ ቀራችሁ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው ግርማ፣ ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ያለ ኢትዮ ጃዝ እወዳለሁ የሚል ባንድ ሁሉ የሚጫወተውን ዜማ የፈጠረው ሰው፣ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሠራ። እናንተ ዙላ ባንድን አቋቁማችሁ ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ተጫወታችሁ። መቅረትን እንደ ክህደት የሚቆጥሩ ነበሩ፤ መመለስንም እንደዚያው። እኔ ሁለቱንም አይቼ የምለው፣ የተመለሱት ዋልያስን አገር ቤት አቆዩት፣ የቀሩት ደግሞ ለእኛ አቆዩት።

ከዚያ 1985 መጣ። በደብረ ብርሃን የተወለደው፣ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የገባው፣ በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን ለራሱ ያስተማረው ሰው፣ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ስቱዲዮ ገባ። ባንድ የለም። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያኔ ገና አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ በማሽን የሚመታ ከበሮ። ሁሉንም ራስዎ ተጫወቱት፣ «ሸሞንሟናዬ»ንም፣ «አምባሰል»ንም፣ «ሽለላ»ንም። ከላይ ዋን ማን ባንድን ወቅሼ እዚህ ማሞገሴ ይጋጭብኛል፤ አውቃለሁ። ልዩነቱን እንዲህ አየዋለሁ። ያ ምግብ ቤት ያመጣው ኪቦርድ አራት ሰው እንዳለ ለማስመሰል ነበር የሚሠራው። የእርስዎ ካሴት ግን ሰዎቹ እንደሌሉ አይደብቅም። ላጤ ለበዓል ብቻውን ዶሮ ወጥ ሠርቶ ብቻውን ሲቀምስ ማለት ነው፤ ወጡ ወጥ ነው፣ አሥራ ሁለቱ ብልት አልጎደለም፣ ቤቱ ግን ጭር ያለ ነው። በወጣትነቴ ያን ካሴት የምሰማው ከሥራ መልስ ሌሊት ነበር። ስደትን በቃል ያስረዱኝ ብዙ ናቸው፤ እንደዚያ አኮርዲዮን ግን ያስረዳኝ የለም።

በአኮርዲዮኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአባቶቻችን ዘመን አዲስ አበባ አኮርዲዮን ትወድ ነበር። ኦርጋንና ኪቦርድ ሲመጡ ወደ ጎን ተገፋ። እርስዎ ደግሞ በኪቦርድ ስም ካወጡ በኋላ፣ አሜሪካ መጥተው፣ ከአዲሱ ማሽን ጎን አሮጌውን አነሱት። ብዙ ስደተኛ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ወይ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይይዛል፣ ወይ አዲሱን ንቆ አሮጌውን ያቅፋል። ሁለቱን እኩል አስቀምጦ አንዱ አንዱን እንዳይውጠው አድርጎ መጫወት ከባድ ነው። ልጄን ሳሳድግ ያልቻልኩት ይህንን ነው።

ሰውየው እዚህ ቀረ፣ ካሴቱ አገር ቤት ገባ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት፣ እርስዎን አፈላልጎ ደወለ፤ በ2013ም ሥራው እንደገና ታተመ። የሚቀጥለው የታወቀ ነው፦ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»፣ በ2023 ደግሞ ቀደም ብሎ ብሩክሊን ውስጥ በቀጥታ የተቀዳው ወጡ። በዚህ ላይ የምለው ብዙ የለኝም፣ ጋዜጦቹ ብለውታል። የምወደው አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። «ላላ በሉ» ላይ ቤዝና ድራም የያዙት ማይክ ማይኮቭስኪና ቶኒ በክ አውስትራሊያውያን ናቸው። «ትዝታ»ን ይጫወታሉ። ከእኛ ትዝታ ምንም አያውቁም፤ የሚያውቁት ቅኝቱንና ምቱን ነው። ይሄው ይበቃል ማለት ነው። አንዳንድ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ እኔን ግን በልጄ ተስፋ እንዳላደርግ የያዘኝን ፍርሃት አቅልሎልኛል።

ካሴቱ ከመገኘቱ በፊት የነበሩት ዓመታት ግን አሉ። ስለ ታክሲው አላወራም ብዬ ነበር፤ ስለ ተራው ላውራ። ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ይዞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ወንድሜም ባሌም ሠርተውት አውቃለሁ። መኪናው አይሄድም፣ ሰውየውም አይሄድም። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ የአገሩን ፖለቲካ ያማል። እርስዎ ከዕቃ መጫኛው በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዱ ነበር። ጋዜጦቹ ይህን የሚጽፉት መጨረሻው ስላማረ ነው። እርስዎ ግን ያኔ መጨረሻውን አያውቁትም። ኮንሰርት አልተያዘልዎም፣ የሚጠብቅዎ አልነበረም። እኔ እስክስታ ካቆምኩ በኋላ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ትከሻዬን ለማየት እንኳ ስሰንፍ፣ ይህን ታሪክ ገና አላወቅኩም ነበር። ባውቀው ኖሮ ምናልባት አላቆምም ነበር። አሁን ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ እሠራለሁ፤ ለማንም አይደለም።

አንድ ደስታ ላካፍልዎ። ልጄ ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ኮንሰርትዎ ላይ ሄዳ ነበር። እኔ ሺፍት ነበረኝ። ፈረንጆቹ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቁ ነበር አለች። (ይህን ነገር መቼም አልወደውም፤ ችክችካ ተመትቶ ክንድ ያጣጠፈ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል።) እሷ አልቻለችም፣ ወረደችው። ጓደኞቿ «እንዴት ነው?» አሏት። ትከሻ ከአንገት ተለይቶ እንዴት እንደሚሄድ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወጣ፣ እግር ለምን ዝም እንደሚል በእንግሊዝኛ አስተማረቻቸው። እኔ ያስተማርኳት በአማርኛ ነበር፤ አልገባትም ብዬ ተስፋ በቆረጥኩበት አማርኛ። ቃሉ ሳይሆን ትከሻው ገብቷት ኖሯል። ቤት ስትመጣ ስልኳ ላይ የቀረጸችውን አሳየችኝ፤ ከእርስዎ ይልቅ የጓደኞቿ ትከሻ ነው የሚበዛበት። አንዷ ጥቁር አሜሪካዊት ልጅ፣ ምን እንደምል አላውቅም፣ ወሎ የተወለደች ትመስላለች።

ጋሽ ኃይሉ፣ እኔ በበኩሌ የቀረኝ ልመና ነው። ለኢትዮጵያ ልጆች የሚዘጋጁ ምሽቶች ላይ ዛሬ ዲጄ ብቻ ይቀርባል፤ በየዓመቱ በየከተማው የሚዞረው የእግር ኳስ ውድድር ኮንሰርት ላይ እንኳ አንዳንዱ ዘፋኝ በተቀዳ ሙዚቃ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ይገባኛል። እርስዎ ግን ከሚያዘጋጁት ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ፣ ቢያንስ አንድ ድራመር፣ ትከሻ የሚያይ ድራመር፣ እንዲይዙ ቢነግሩልን ይሰሙዎታል። እኛን አይሰሙንም።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። ይህን ደብዳቤ ማንበብ ስለማትችል ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «በዲሲ መቼ እንደሚጫወት ጠይቂልኝ» አለች። እንግዲህ ጠየቅኩላት። ለእኔ ሥራ ቦታ ፈቃድ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መንገር ግድ ስለሆነ፣ ቀኑ ሲቆረጥ ቶሎ ቢያስነግሩት ትልቅ ውለታ ነው። 

አክባሪዎ፣
አንዲት የድሮ እስክስታ ወራጅ፣ ከአሌክሳንድሪያ